ሁለት ቧንቧ በአንድ ስም፦ ደም ስለቀላቀለ ሽንት ከጎንደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጎንደርና ለአካባቢዋ የጤና ኃላፊዎች፣
በየጤና ጣቢያው፣ በየክሊኒኩና በየሆስፒታሉ ለምትሠሩ ባለሙያዎች፣
ለጤና መድህን ሠራተኞች፣
እንዲሁም ለከተማዬ ሰው

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን የምጽፍላችሁ አዘዞ ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ሆኜ ነው። አባዬ ከጎኔ ፀሐይ ይሞቃል። ዕድሜው 67 ደርሷል። ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቧንቧ ላይ ካንሰር ተገኝቶበት ግራ ኩላሊቱ ከነቧንቧው ወጥቷል። ይኸው ቁጭ ብሎ ቡናውን ይጠጣል፤ ተመስገን። ነገር ግን ስምንት ወር ጠፍቶብናል። ያ ስምንት ወር እንዴት እንደጠፋ ልነግራችሁ ነው። የማንንም ስም አላነሳም። ያየን ሰው ሁሉ በቅን ልብ እንዳየን አምናለሁ። ክፍተቱ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ቤት ስላልሆነ ደብዳቤውን ለሁላችሁም አደረግሁት።

አባዬ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሁመራና ከመተማ ሰሊጥ ጭኗል። አንዳንዴም ጠረፉን ተሻግሮ ገላባት ይገባ ነበር። ሲጋራ የጀመረው እዚያው መንገድ ላይ ነው፤ እንቅልፍ ለማባረር። በቀን አንድ ፓኮ ያህል ይጨርስ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ነገሩ የጀመረው ኅዳር ላይ ነው። ሌሊቱ ስለሚበርድ አባዬ በፖፖ ነው የሚሸናው። እማዬ ጠዋት ልትደፋው ስታነሳ ሥጋ የታጠበበት ውሃ መሰላት። ጠራችኝ። አየሁት። አባዬን "የት ጋ ነው የሚያምህ?" አልነው። "ምንም አያመኝም" አለ። እውነቱን ነበር። አላቃጠለውም፤ አልወጋውም። በማግሥቱ ሽንቱ እንደ ድሮው ጠራ።

እኛ ሰዎች ሕመም ከሌለ ደህና ነው እንላለን። እዚህ ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ጠጠር ያማል። ኢንፌክሽን ያቃጥላል። ሳያምም የሚደማ ሽንት ነው ከሁሉ በላይ ሊያስፈራን የሚገባው። ደሙ መጥቶ መጥፋቱም የበሽታው ጠባይ ነው። እብጠቱ አንድ ቀን ይደማና ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ማንኛውም መድኃኒት የሠራ ይመስላል።

ሄድን። ሽንት ተመረመረ። "ኢንፌክሽን ነው" ተባለና ሲፕሮ የሚባለው አንቲባዮቲክ ታዘዘለት። ሽንቱ ቀድሞም ጠርቶ ነበር፤ እኛ ግን ሲፕሮውን አመሰገንን። የካቲት ላይ ደሙ ተመለሰ። "ጠጠር ሳይሆን አይቀርም፤ ውሃ በደንብ ይጠጡ" ተባለ። ሚያዝያ ላይ ሌላ ቦታ ሄድን። ቆላ ይመላለስ እንደነበር ሲሰሙ "ቢልሃርዚያ ነው" አሉና ክኒኑን ሰጡት።

ቢልሃርዚያው ላይ ትንሽ ልቁም። እኛ በጣና ዙሪያ፣ በደምቢያ በኩል የምናውቀው ቢልሃርዚያ አንጀትን የሚያጠቃው ዓይነት ነው። ደሙ የሚታየው በሰገራ ነው። ሽንትን የሚያደማው ሌላ ዓይነት ነው። በአገራችን የሚታወቀውም በታችኛው አዋሽ፣ በዋቢ ሸበሌ እና በሱዳን ጠረፍ በኩርሙክ በኩል ነው። አባዬ ሱዳን ጠረፍ ድረስ ስለነዳ መጠርጠሩ ተገቢ ነበር። ግን የትሉ እንቁላል በሽንቱ ውስጥ ተፈልጎ ታጣ ማለት አይደለም። ጭራሽ አልተፈለገም። መድኃኒቱ ተሰጠ፤ ካርዱም ተዘጋ።

ከሁሉም የሚቆጨኝ የሽሮፕ ጠርሙሱ ነገር ነው። ግንቦት ላይ አባዬን ከደሙ ጋር አንድ ቀጭን ነገር ወጣው። ርዝመቱ ጣት ያህላል፤ ውፍረቱ ከስፓጌቲ አይበልጥም። ቀለሙ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ ነው። አባዬ "ወስፋት ነው" አለ። እማዬ ባዶ የሽሮፕ ጠርሙስ አጠበችና ያንን ነገር በስንጥር አንስታ ከተተችው። ክዳኑን አጥብቃ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። እንዲህ አድርጋ ይዛው ሄደች። የተቀበላት ሰው ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየና "የረጋ ደም ነው እናቴ፣ ይጣሉት" አላት። ጣለችው።

ከወራት በኋላ አዲስ አበባ ስፔሻሊስቱ ፊት ስንቀርብ ይህንኑ ነገረችው። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ረዘም ያለ ነበር? እንደ ትል?" አላት። "ልክ እንደ ትል" አለችው። ከዚያ አስረዳን። ከፊኛ የሚወጣ የረጋ ደም ብዙውን ጊዜ ጓል ጓል ነው፤ ይህ ነው የሚባል ቅርጽ የለውም። እንደ ትል ቀጥኖ የሚወጣው ግን ከኩላሊት በሚወርደው ቧንቧ ውስጥ ረግቶ የቧንቧውን ቅርጽ የያዘ ደም ነው። ማንበብና መጻፍ የማትችለው እናቴ የበሽታውን አድራሻ በጠርሙስ ይዛላቸው ነበር የሄደችው።

የራሴንም ጥፋት ልናገር። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ኩላሊትን ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሳልሁ ቁጥሩን አላውቀውም። ከኩላሊቶቹ ወደ ፊኛ የሚወርዱትን ሁለት ቧንቧዎች "ዩሬተር"፣ ከፊኛ ወደ ውጭ የሚወጣውን አንዱን ቧንቧ ደግሞ "ዩሬትራ" ብዬ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ሲያምታቱት ነጥብ እቀንስባቸዋለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ለእኔም ሁለቱም "የሽንት ቧንቧ" ናቸው። ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲህ ነው፤ ሁለት ቧንቧ በአንድ ስም።

ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። "የሽንት ቧንቧ" ሲባል አባዬ የሚገባው የታችኛው፣ የውጭው ነው። እዚያ አካባቢ ስለሚታመም ነገር ከሴት ልጁ ጋር ማውራት ለእሱ ከባድ ነው። "የአባለዘር በሽታ ሊሉኝ ነው" ብሎ ሰግቶ ነበር። ከኅዳር እስከ የካቲት ድረስ ሌላ ሁለት ጊዜ ደምቶ ፖፖውን በሌሊት ራሱ እየደፋ እንደሸሸገን የነገረን ከቀዶ ጥገናው በኋላ ነው። አንድ ሰው ያኔ "ከፍ ያለ ቦታ ነው አባቴ፣ ከኩላሊትዎ ሥር ነው" ብሎት ቢሆን ይህን ያህል ባልተሳቀቀ ነበር።

ስለዚህ ባለሙያዎች፣ መጀመሪያ የምለምናችሁ ምንም ወጪ የሌለው ነገር ነው። "ከኩላሊት የሚወርደው ቧንቧ" በሉልን። "ላይኛው ቧንቧ" በሉልን። እጃችሁን በጎናችን ላይ አድርጋችሁ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ አሳዩን። ሪፈር ወረቀት ላይም የትኛው እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ።

ቧንቧው ርዝመቱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የውስጥ ሽፋኑ ከኩላሊቱ እምብርት፣ ሽንቱ ከሚጠራቀምበት መሐል ክፍል፣ ጀምሮ እስከ ፊኛ አንድ ዓይነት ነው። ካንሰሩ የሚነሳው ከዚህ ሽፋን ነው። ከዚህ ሽፋን ከሚነሱት 100 ካንሰሮች ከ90 እስከ 95 የሚሆኑት ፊኛ ላይ ይወጣሉ። ቀሪዎቹ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው ኩላሊቱ እምብርት ወይም ቧንቧው ውስጥ የሚገኙት። ብርቅ ነው ማለት ነው። ብርቅ ስለሆነ ማንም ቶሎ አያስበውም። የቧንቧው ግድግዳ ደግሞ ስስ ነው፤ በሽታው ለማለፍ ብዙ አይቸገርም። የፊኛ ካንሰር ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ገና ላይ ላዩን ነው። የላይኛው ቧንቧ ካንሰር ግን ሲገኝ ከግማሽ በላይ በሆኑት ታማሚዎች ላይ ወደ ግድግዳው ገብቷል።

ሰኔ ላይ አልትራሳውንድ ታዘዘ። ወረቀቱ እስካሁን አለኝ። "ግራ ኩላሊት ውሃ ቋጥሯል። ጠጠር አልታየም" ይላል ፍሬ ነገሩ። ከዚያ ፊርማ። ከዚያ ማኅተም። "ጠጠሩ ወርዶ ይሆናል" ተብለን ወደ ቤታችን ተመለስን። ይህን ወረቀት አሁን ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል። ኩላሊት ዝም ብሎ ውሃ አይቋጥርም። ከታች የዘጋው ነገር አለ። ጠጠር ካልሆነ ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አልትራሳውንድ ውሃ የያዘን ኩላሊት በደንብ ያሳያል። የቧንቧውን መሐል ግን አንጀት ስለሚጋርደው ብዙ ጊዜ አያሳይም። አልትራሳውንድ የምታነሱ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ያቺን መስመር ስትጽፉ እባካችሁ አንድ መስመር ጨምሩበት፦ "የተዘጋበት ምክንያት ይጣራ"።

ሐምሌ ላይ ሲቲ ተነሳ። ዋጋውን ለመክፈል እማዬ ከወርቋ ሸጠች። የተነሳው ግን ያለ ኮንትራስት (በደም ሥር ገብቶ ቧንቧዎቹን አጉልቶ የሚያሳየው ፈሳሽ)፣ ጠጠር ለመፈለግ የሚነሳው ዓይነት ነበር። ጠጠር የለም። ሌላ ነገርም በግልጽ አልታየም። በሁለተኛው ሳምንት ድጋሚ ከፈልን። በዚህኛው መጀመሪያ ክሬቲኒኑ፣ የኩላሊት አቅም የሚታወቅበት የደም ምርመራ፣ ታየ፤ ኩላሊት ከደከመ ኮንትራስቱ ሊጎዳ ስለሚችል። ከዚያ ኮንትራስቱ በደም ሥር ተሰጠውና ደጋግመው አነሱት። ዋናዋ የመጨረሻዋ ፎቶ ነች። ከደቂቃዎች በኋላ ኮንትራስቱ በኩላሊት አልፎ ወደ ቧንቧው ሲወርድ የምትነሳው። የቀኙ ቧንቧ እስከ ታች እንደ ነጭ ክር ወረደ። የግራው ከመሐል ትንሽ ዝቅ ብሎ ተቋረጠ። ሐኪሙ በጣቱ አሳየኝ። ነጩ ክር ካለቀበት ላይ ጥቁር ክፍተት አለ። እብጠቱ እሱ ነው።

ያችን ፎቶ ለማየት ሁለት ጊዜ መክፈል አልነበረብንም። የማዘዣው ወረቀት ላይ "ሲቲ" ከማለት ይልቅ በኮንትራስት፣ ዘግይቶ የሚነሳውን ጨምሮ፣ ለላይኛው የሽንት መስመር ተብሎ ቢጻፍ ይበቃ ነበር። የማዘዝ ሥልጣን ያላችሁ ሁሉ ይህችን ነገር አደራ።

ከዚያ ሪፈር ተጻፈልን። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ፣ አባዬ በየመቆሚያው እየወረደ ሄድን። አዲስ አበባ በካሜራ መጀመሪያ ፊኛውን አዩት። ሽፋኑ አንድ ስለሆነ ፊኛም ላይ ሊኖር ስለሚችል ነው። ከዚያ በጣም ቀጭኑን ካሜራ በግራው ቧንቧ ወደ ላይ ሰደዱና ናሙና ቆረጡ። ናሙናዋን አየኋት፤ የሰሊጥ ፍሬ ብትበልጥ ነው። አባዬ "ያን ሁሉ ኩንታል ሰሊጥ ጭኜ በአንድ ፍሬ ተያዝሁ" አለ። የሽንት ሴል ምርመራም ተሠርቶ ነበር፤ ንጹሕ ነው የመጣው። ይህ ምርመራ ንጹሕ መምጣቱ ካንሰር የለም ማለት እንዳልሆነ ያኔ ነው የተረዳነው። በተለይ ቀስ ብሎ የሚያድገውን ዓይነት ብዙ ጊዜ ያልፈዋል።

ሕክምናው ሲነገረን ቤተሰቡ ተናወጠ። "እብጠቱ ቧንቧው ላይ ነው ካላችሁ ኩላሊቱን ለምን ታወጣላችሁ?" አጎቴ ይህን ሲጠይቅ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር። ሐኪሙ ተቆጥቶ አልመለሰም፤ በወረቀት እየሳለ አስረዳን። ሽፋኑ ከላይ እስከ ታች አንድ ነው። የቧንቧው ቁራጭ ከቀረ በሽታው እዚያው ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ስለዚህ ኩላሊቱ፣ ቧንቧው በሙሉ እና ቧንቧው ፊኛ ውስጥ የሚገባበት ትንሽ ክብ ሥጋ አብሮ ይወጣል። ሁሉም ሰው ላይ ግን እንዲህ አይደረግም። እብጠቱ ትንሽና ቀስ ብሎ የሚያድግ ከሆነ በካሜራ ገብተው በሌዘር ያቃጥሉታል። ከፊኛው አጠገብ ዝቅ ብሎ ከሆነም የታመመውን ክፍል ብቻ ቆርጠው የቀረውን ቧንቧ ፊኛው ላይ መልሰው ይሰፉታል። በእነዚህ ኩላሊቱ ይተርፋል። ይህ የሚሆነው ግን በጊዜ ለተገኘ ሰው ነው። የአባዬ ዓይነቱ ኃይለኛው ነበር፤ ሲወጣም ጡንቻውን አልፎ ስቡ ውስጥ ገብቶ ተገኘ።

ቀዶ ጥገናው መስከረም ላይ ተሠራ። በቀናት ውስጥ ኬሞ፣ የካንሰር ሴል የሚገድል መድኃኒት፣ በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ፊኛው ውስጥ አንድ ጊዜ ተደረገለት። ይህ በሽታው ፊኛ ላይ የመመለስ ዕድሉን ይቀንሳል። ከዚያ የደም ሥር ኬሞ ተነሳ። በብሪታንያ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት አለ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ኬሞ ከወሰዱት ውስጥ ከ3 ዓመት በኋላ ከ100 ሰው 71ዱ በሽታው ሳይመለስባቸው ቆይተዋል። በክትትል ብቻ ከቆዩት ግን 46ቱ ናቸው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ታዲያ ኬሞው እንዲጀመር የተደረገው ቀዶ ጥገናው በተሠራ በ90 ቀን ውስጥ ነው። 90 ቀን! የጤና መድህን ሠራተኞች፣ ይህችን ቁጥር የጻፍኋት ለእናንተ ነው። እኛ ሪፈር ለማሳደስ ጎንደር ተመልሰን 19 ቀን ፈጀብን። አንዴ ማኅተም የሚመታው ሰው የለም። አንዴ ሲስተም የለም። አንዴ ፊርማው ልክ አይደለም። ካንሰር ለተባለ ሰው ሪፈሩን በአንድ ቀን የምትጨርሱበት መስኮት ቢኖራችሁ ስንት ሰው ትታደጉ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ዋናው የኬሞ መድኃኒት ሲስፕላቲን ነው፤ እሱ ደግሞ ጥሩ የሚሠራ ኩላሊት ይፈልጋል። የአባዬ ግራ ኩላሊት ወራቱን ሙሉ ተዘግቶ ቆይቶ ደክሟል፤ ከዚያም ወጣ። የቀረው አንዱ አቅሙ ዝቅ ያለ ስለነበር ካርቦፕላቲን ተተካለት። አራት ዙር ጨረሰ። ሲፕሮውንና የ"ውሃ ይጠጡ"ን ወራት ሳስብ የምቆጨው ለዚህ ነው። ጊዜው ሲሄድ ኩላሊቱንም፣ የመድኃኒት ምርጫውንም ይዞ ሄደ።

ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ናት። የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር እንዲወርዱ የሠለጠኑት እዚህ ነው። ያ ነገር ከጎንደር ተነስቶ አገር አዳርሷል። ጤና ጣቢያ ላይ የተቀመጠ አንድ ጤና መኮንን አባዬን በኅዳር ወር ማዳን ይችል ነበር። ሲቲ አያስፈልገውም። ሦስት ጥያቄ ይበቃው ነበር፤ በዓይን የታየ ደም ነው ወይ፣ ሳያምም ነው ወይ፣ ያጨሳል ወይ። በእንግሊዝ ዕድሜው 45 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ኢንፌክሽን ሳይኖርበት ሽንቱ በዓይን የሚታይ ደም ከቀላቀለ፣ ወይም ኢንፌክሽኑ ታክሞ ደሙ ከተመለሰ፣ በካንሰር ጥርጣሬ በአስቸኳይ ወደ ስፔሻሊስት ይላካል። ኃላፊዎች ሆይ፣ ይህንን አንድ አንቀጽ በአማርኛ አሳትማችሁ በየጤና ጣቢያው የምርመራ ክፍል ግድግዳ ላይ አስለጥፉልን። ሽንቱ ታክሞ ከጠራም በኋላ እንደገና ይመርመር። ደሙ አንዴ በዓይን ከታየ ግን "ጠፍቷል" ተብሎ ካርዱ አይዘጋ።

ለከተማዬ ሰውም የምለው አለኝ። ሽንታችሁን እዩ። ቀይ ሥር ሳትበሉ ከቀላ ሂዱ። "ብርድ ነው" አትበሉ። ጠበሉን ተጠመቁ፤ እኛም ሄደናል። ምርመራውንም አትተዉ።

ሲጋራውን ያዙልኝ ብዬ ነበር። የሲጋራው መርዝ በደም አድርጎ ኩላሊት ይደርሳል፤ ተጣርቶም በሽንት ይወርዳል። በመንገዱ ላይ ያንን ሽፋን ለዓመታት ያጥበዋል። ለዚህ ካንሰር ዋናው የታወቀ ምክንያት እሱ ነው። በወንዶች ላይም ይበዛል። ቤተሰባችሁ ውስጥ በወጣትነታቸው የአንጀት ወይም የማኅፀን ካንሰር የያዛቸው ሰዎች ካሉ ለሐኪሙ ንገሩት፤ አንዳንዴ ዝምድና አለው።

ደግሞ የማይታወቅ ሥርና ቅጠል። በባልካን አገሮች በዳኑብ ገባር ወንዞች ዳር ያሉ ገበሬዎች ለብዙ ዘመን ኩላሊታቸው እየደከመ፣ በዚሁ ቧንቧ ካንሰርም እየታመሙ ይሞቱ ነበር። ምክንያቱ ስንዴያቸው ውስጥ የሚበቅል አንድ አረም ሆኖ ተገኘ። ዘሩ ከእህሉ ጋር ተፈጭቶ ዳቦ ይሆን ነበር፤ እኛ እንክርዳድ የምንለቅመው እነሱ ያንን አልለቀሙም። በቤልጅየምም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለመቅጠን ብለው የዚያው ዘር ዕፅ የተቀላቀለበት መድኃኒት የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው ተበላሸ፤ በርከት ባሉትም ላይ ይኸው ካንሰር ተገኘ። የባህል መድኃኒት ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ምን እንደሆነ ሳታውቁ ግን አትጠጡ፤ ከጠጣችሁም ለሐኪማችሁ ደብቃችሁ አትቅሩ።

አባዬ ሲጋራውን ትቷል። ፊኛው በየጊዜው በካሜራ ይታያል። ላይኛው ቧንቧው ከወጣለት 100 ሰው ውስጥ ከ22 እስከ 47 የሚሆኑት ላይ በሽታው ፊኛ ላይ ስለሚመለስ ክትትሉ ለዓመታት ይቀጥላል። በሦስተኛው ወር ንጹሕ ነበር። በዘጠነኛው ወር የምስር ፍሬ የምታህል ተገኘች፤ በካሜራው ገብተው አወጧት። ሳይደማ፣ ሳያመው፣ ገና በጨቅላነቷ። ቀጣዩ ቀጠሮ ጥር ላይ ነው፤ ከጥምቀት ማግሥት።

የአልትራሳውንዱን ወረቀት፣ ሁለቱን ሲቲዎች እና የናሙናውን ውጤት ስም ሸፍኜ ኮፒ አድርጌያለሁ። ለባለሙያዎቻችሁ ማሳየት የምትፈልጉ ካላችሁ ቅዳሜና እሑድ ክፍል የለኝም፤ አባዬንም ይዤ እመጣለሁ። "ይጠይቁኝ፣ አላፍርም" ብሏል። እማዬም ስለ ጠርሙሱ ራሷ ትነግራችኋለች።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ ሾፌር ልጅ፣ የባዮሎጂ መምህርት
አዘዞ፣ ጎንደር